ለጎዳናም ለትራክም የምትሆን መኪና

ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪና በተጎታች ተጭኖ ይመጣል፣ ተጭኖም ይመለሳል። ታርጋ የለውም፤ መቀመጫው አንድ ነው፤ ዝናብም ሆነ የትራፊክ መጨናነቅ አያሳስበውም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላ ዓይነት መኪና ነው፤ በሥራ ቀን ባለቤቱን ቢሮ የሚያደርስ፣ ቅዳሜ ደግሞ በራሱ ጎማ እስከ ትራክ ሄዶ፣ ቀኑን በሙሉ አቅሙ ሲሮጥ ውሎ፣ ማታ በራሱ ጎማ ወደ ቤት የሚመለስ መኪና። እንዲህ ያለውን መኪና ማሻሻልና መንከባከብ ከሁሉም ይከብዳል። ለትራክ የሚጠቅመው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከጎዳናው ላይ የሆነ ነገር ይቀንሳልና።

ጉዳዩን በደፈናው ከማውራት አንድ መኪና ይዞ መነጋገር ይሻላል። እኔ የመረጥኩት ማዝዳ ኤም ኤክስ-5ን፣ አሜሪካኖቹ ሚያታ የሚሏትን ነው። ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ ላይ በቺካጎ የመኪና ትርዒት ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎችን የሆነ ትንሽ መኪና ናት። የመጀመሪያው ሞተር 1.6 ሊትር ነበር፤ ጉልበቱም ወደ 115 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም ነበር። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። እስከ ዛሬም በዓለም ላይ ከሁሉም ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪኖች በብዛት የተሸጠችው እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ በስሟ የሚጠራ የራሷ የውድድር ምድብ አላት።

በመቶ አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ማንም አይደነቅም። የምትመረጥበት ምክንያት ክብደቷ ነው። ቀላል መኪና ጎማ ቶሎ አይበላም፣ ፍሬኑን ቶሎ አያቃጥልም፣ የሚሰበርበትም ዕቃ ርካሽ ነው። አንድ ቶን ተኩል ወይም ሁለት ቶን የሚመዝን፣ አራት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ትራክ ላይ ሲወጣ የሚያስወጣው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ባይመጣጠንም ከክብደቱ ጋር ግን ይመጣጠናል። ከዚህ በታች የማነሣው የአሠራር መርሕ ግን ለሆንዳም፣ ለቶዮታም፣ ለፖርሼም ያው ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖር አንባቢ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት ትራክ ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ዋናው ዙር 2 ማይል ነው። ዱባይና አቡ ዳቢ ላሉትም ዱባይ አውቶድሮምና ያስ ማሪና አሉ። በእነዚህ ቦታዎች የግል መኪናን ይዞ የሚገባበት ቀን ይዘጋጃል። ውድድር አይደለም። ሰዓት አይያዝም፤ ነጂዎች በልምዳቸው ተከፍለው ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ በየተራ ይነዳሉ፤ ብዙ ቦታ መቅደም የሚቻለው ከፊት ያለው በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ለጀማሪ አስተማሪ አብሮት ይቀመጣል።

ፍሬን፦ ቀድሞ የሚያልቀው

ብዙ ሰው መኪናውን ለትራክ ሊያዘጋጅ ሲነሣ ሐሳቡ ወደ ሞተር ይሄዳል። ቀድሞ የሚደክመው ግን ፍሬኑ ነው። ነጂዋን ጨምሮ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና ከሰዓት 160 ኪ.ሜ ወደ 80 ስትወርድ 740 ኪሎ ጁል የሚሆን ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። የፍሬን ዲስኮቹ ይህን ሁሉ የሚቀበሉት በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ ሳይቀዘቅዙም የሚቀጥለው ኩርባ ይደርሳል። በከተማ መንገድ ፍሬን ተይዞ ሲለቀቅ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። ትራክ ላይ አያገኝም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን በአፍንጫው ያውቀዋል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ በሞተር ካልያዘ፣ የፍሬን ሸራው ሽታ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ይመጣል። ትራክ ላይ የሚሆነውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ቁልቁለቱ በየዙሩ መደጋገሙ ነው።

ፍሬን የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱን መለየትም ሕይወት ያድናል። የመጀመሪያው ሸራው ከሚችለው ሙቀት በላይ ሲሞቅ ነው። ፔዳሉ ደረቅ ነው፣ አይሰምጥም፣ ግን እግር ቢጫንም መኪናው እንደሚገባው አይቆምም። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ሲፈጠር ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ግፊት አይኖርም። የመጀመሪያው ቀስ በቀስ እያስጠነቀቀ ይመጣል። ሁለተኛው አንዳንዴ በአንድ ኩርባ ልዩነት ይመጣል፤ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ መቋቋም አለበት፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የቆየው 155 ነው። ለውድድር የሚሸጡት ዘይቶች አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ ያልፋሉ። ስለዚህ ሦስት ዓመት የቆየ ውድ ዘይት ትናንት ከተሞላ ተራ ዶት 4 ሊያንስ ይችላል። በጎዳና ላይ በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ነው። ትራክ ለሚወጣ መኪና ግን ብዙ አዘጋጆች ከስድስት ወር ያልበለጠ ዘይት ይጠይቃሉ፤ ልክም ናቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዶት 5 የሚባለው በሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ መስሎት ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቅል ሰው ፍሬኑን ያበላሻል። ዶት 5.1 ግን ከዶት 4 ጋር ይስማማል።

ሸራን በተመለከተ የጎዳናና የትራክ ፍላጎት ፊት ለፊት ይጋጫል። የጎዳና ሸራ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ በመጀመሪያው ንክኪ ይይዛል፣ አይጮህም፣ ዲስኩን አይበላም፤ ሲግል ግን መያዙን ያጣል። ለውድድር የተሠራው ሸራ ሲግል ይበረታል፤ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ግን እጅግ ደካማ ነው፣ ይጮኻል፣ በቸርኬው ላይ የሚያራግፈው ብናኝም ቀለሙን ይበላል። አንድ ልጅ ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ሆኖ የሚይዝ ሸራ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ሸራ መቀየር በሚያታ ላይ የአንድ ሰዓት ሥራ ነውና፣ ትራክ የሚወጣ ሰው ሁለት ሙሉ ጥንድ ሸራ ይኑረው። በአንዱ ሁለቱንም ልሥራ የሚለው መካከለኛ ሸራ ለጀማሪ ይበቃል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን አይበቃም። አዲስ ሸራ ሲገባም በቀጥታ በሙሉ ኃይል አይያዝም፤ በተደጋጋሚ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይዞ ከዲስኩ ጋር ማለማመድ፣ ከዚያም ሳይቆሙ እየነዱ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ትልልቅ ዲስክና ባለስድስት ፒስቶን የፍሬን መያዣ መግዛት ለዓይን ያምራል። ጉልበቷ ላልተጨመረ ሚያታ አያስፈልግም፤ ጥሩ ሸራ፣ ትኩስ ዘይትና ወደ ዲስኩ አየር የሚወስድ ቱቦ ይበቃታል። ዲስኩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከትራክ በኋላ ቢታዩ አያስደነግጡም። ስንጥቁ እስከ ዲስኩ ጠርዝ ከደረሰ ግን ዲስኩ ይጣላል።

ሙቀት፦ ሞተሩን የሚገድለው

ሚያታ ላይ ስለ ማቀዝቀዣ ብዙ የሚነገርበት ምክንያት ከታሪኳ ይመነጫል። ሞተሯ መጀመሪያ የተሠራው የፊት ጎማ ለሚያሽከረክሩ፣ ሞተራቸው አግድም ለተቀመጠ የማዝዳ መኪኖች ነበር። እዚያ ውሃው ከፖምፓው ገብቶ ሲሊንደሮቹን ሁሉ አልፎ በሌላው ጫፍ ይወጣ ነበር። ሚያታ ላይ ሞተሩ ወደ ርዝመት ሲዞር መውጫው ከኋላ ወደ ፊት ተዛወረ፤ መግቢያውም መውጫውም በአንድ ወገን ሆኑ። ውጤቱ በከተማ መንገድ አይታይም። ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ግን ከሁሉ ኋላ ያለው አራተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በላይ ይሞቃል። ለዚህ ነው ትራክ የሚያዘወትሩ ባለቤቶች መውጫውን ወደ ኋላ የሚመልሱት። ጉልበት ላልጨመረና አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሰው ግን ከዚያ በፊት የሚሠሩ ርካሽ ነገሮች አሉ።

ከሁሉ በፊት ራዲያተሩን ማየት ነው። የድሮዎቹ ሚያታዎች ራዲያተር የላይኛው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ ፕላስቲኩ አርጅቷል፣ ሊሰነጠቅ ነው። ቀጥሎ ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ማየት። ብዙ መካኒክ ዘይት ሲቀይር ያወልቀውና መልሶ አይገጥመውም። መሸፈኛው ከሌለ ከፊት የገባው አየር በራዲያተሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በዙሪያው ይሾልካል፤ መኪናው በከተማ ሳይሞቅ በፍጥነት መንገድ ላይ ይሞቃል። በራዲያተሩ ጎንና ጎን ያለውን ክፍተት በስፖንጅ መድፈንም ከአዲስ ራዲያተር ያላነሰ ውጤት ያመጣል።

የራዲያተር ክዳንም ትንሽ ዕቃ መስሎ ይናቃል። ከአየር ግፊት በላይ 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለ ውሃ የሚፈላው ወደ 121 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ከላላ ያ ጥበቃ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና ክዳኑ እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚያው ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚያጣም ማወቅ ይጠቅማል።

አንዳንድ ነጂዎች ለትራክ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ወደ ንጹሕ ውሃና ፀረ ዝገት ይለውጣሉ። ውሃ ብቻውን ሙቀት በተሻለ ይሸከማል፣ ቢፈስም አስፋልቱን እንደ ፀረ በረዶው ፈሳሽ አያሟልጭም። ነገር ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን አድርጎ ታኅሣሥ ላይ ውጪ ያቆመ ሰው ውሃው ይረጋበታል፤ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋም የሞተሩን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ሁለት ሕይወት ያላት መኪና ወቅትን ማስታወስ ይኖርባታል።

የሞተር ዘይትን በተመለከተ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት ያስፈልጋል። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መጠኑ ካነሰ መሳቢያው አየር ይስባል፣ ኩሽኔታዎቹም በደረቁ ይፋተጋሉ። ከእያንዳንዱ የትራክ ተራ በኋላ መለኪያውን ማውጣትና ማየት ግዴታ ነው። ዘይቱን ደግሞ በጎዳናው ኪሎ ሜትር መቁጠር አይበቃም፤ ሁለት ሦስት የትራክ ቀን ካለፈ ይቀየር። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም ይረሳል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሊታይ ይገባዋል።

ጎማና እግር

መኪናው መሬት የሚነካው በአራት የእጅ መዳፍ ያህል ቦታ ነው፤ ሁሉም ማሻሻያ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ከፍሬን ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ጎማ ላይ ነው። በአሜሪካ ገበያ የጎማው ጎን ላይ ስለ መዳከሙ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ለስላሳና መሬት የሚይዝ፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ኩባንያ ጎማ በእሱ ብቻ አይወዳደርም። ለጎዳናም ለትራክም የሚፈለጉት አብዛኛውን ጊዜ 200 የተጻፈባቸው ናቸው። በደረቅ አስፋልት ድንቅ ናቸው። የሚያሰጋው የመልሱ መንገድ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ተበልቶ ጉድጓዱ የሳሳ ጎማ ማታ ዝናብ ሲያገኘው ውሃውን መበተን ያቅተዋል፤ መኪናው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አቅም ያለው ሰው ለትራክ የተለየ ቸርኬና ጎማ ይኑረው። አቅም የሌለው ደግሞ የአየር ትንበያውን አይቶ ይውጣ።

የጎማው ዕድሜም ይታይ። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማው ያልተበላ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ መያዙንም ያጣል።

የጎማው ነፋስ ትልቅ ነገር ነው፣ ዋጋውም ምንም ነው። ጠዋት 28 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 34 ይደርሳል። በጣም የተነፋ ጎማ በመሐሉ ብቻ ይረግጣል። ስለዚህ ነጂዎች ከትራክ ሲወጡ ትኩሱን ለክተው ያስተነፍሳሉ። ይህን ያደረገ ሰው ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት መልሶ መሙላት አለበት፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይወርዳልና። በዚህ ምክንያት ትንሽ የነፋስ ፖምፓ በመኪናው ውስጥ መያዝ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል።

መካኒኮች እግር የሚሉት ክፍል፣ ማለትም ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ የመጋጠሚያ ጎሚኒዎቹ፣ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው መኪናቸውን የሚያበላሹበት ቦታ ነው። መኪናን ዝቅ ማድረግ ክብደቷን ወደ መሬት ያቀርባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሚያታ ከፋብሪካ ስትወጣም የእግሯ መውረጃ ቦታ አጭር ነው። ከመጠን በላይ ከወረደች አሞርዛተሩ በየኩርባው ከመጨረሻው የጎማ ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ሞላ እንደሌላት ትሆንና ጎማዋ ድንገት መያዙን ይለቃል። ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ለአጠረው ርዝመት የሚመጥን አሞርዛተር መግጠም ይበቃል። ይህ ከመሆኑ በፊት ግን ሠላሳ ዓመት የሆናቸውን ጎሚኒዎች መቀየር ይቀድማል። የተቀደደ ጎሚኒ ያለው እግር ላይ ውድ ሞላ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሚያታ ትውልዶች በአራቱም ጎማ ላይ የጎማውን ዘንበል ማለት በብሎን ማስተካከል ይቻላል። ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ሁለት ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል ቢደረግ ኩርባ ላይ በሙሉ ፊቱ ይረግጣል። በጎዳና ላይ የውስጠኛው ጠርዝ ትንሽ ቶሎ ይበላል፤ ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። በጎዳና ጎማን የሚፈጀው ግን ከዘንበሉ ይልቅ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነውና እሱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይስተካከል። ይህ ሁሉ በአንድ የአላይመንት ቀጠሮ ያልቃል። ከሁሉም ማሻሻያ ለወጣበት ገንዘብ ብዙ የሚመልሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነጂውን መጠበቅ

ጣሪያዋ የሚገለጥ መኪና ብትገለበጥ ከነጂው ራስ በላይ የሚቆም ነገር የለም። ስለዚህ አብዛኛው አዘጋጅ ከመቀመጫው ኋላ የሚቆም ጠንካራ የብረት ቅስት ይጠይቃል። ቁመቱ የሚለካው ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ጫፍ ቀጥ ያለ ዘንግ ዘርግቶ ነው፤ የራስ ቁር ያደረገው ነጂ ራስ ከዚያ መስመር በታች መሆን አለበት። ረጅም ሰው በሚያታ ውስጥ ይህን ፈተና ላያልፍ ይችላል፤ መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ግድ ይለዋል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሕይወት ግጭት ከሁሉም በላይ ይከፋል። ትራክ ላይ ራስን የሚያድነው ብረት፣ የራስ ቁር በሌለበት በጎዳና ላይ ከኋላ ግጭት ቢደርስ ራስ የሚመታበት ብረት ነው። ጠንካራ የመከላከያ ስፖንጅ ሳይለበስበት በጎዳና መነዳት የለበትም። ባለአራት ወይም ባለስድስት ማሠሪያ ቀበቶም እንዲሁ ነው። ሰውን በመቀመጫው ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ከላይ ቅስት ከሌለ ግን መኪናው ሲገለበጥ ሰውየው ጎንበስ ሊል አይችልም። የተሟላውን ማድረግ ያልቻለ ሰው በፋብሪካው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ይቆይ። ግማሹን ማድረግ ምንም ካለማድረግ ይብሳል።

የራስ ቁሩ ላይ ኤስ ኤ የሚል ምልክት ይፈለግ። ለሞተር ብስክሌት የተሠራው ኤም የሚባለው እሳትን መቋቋምና በብረት ላይ ተደጋግሞ መጋጨትን በተመለከተ እንደ ኤስ ኤው አልተፈተነም።

ሞተሩ በመጨረሻ

ሞተሩን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት አስቤበት ነው። ማርሚታ መቀየር ድምፅ ይጨምራል፣ ጉልበት ግን እምብዛም፤ ብዙ ትራኮችም የድምፅ ገደብ ስላላቸው በዚሁ ምክንያት ከሜዳ የሚመለስ አለ። ተርቦ መግጠም እውነተኛ ጉልበት ያመጣል፤ አብሮ የሚመጣው ግን ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹ የ1.6 ሊትር ሚያታዎች ዲፈረንሻል ትንሽ ነበር፤ በ1994 ከ1.8 ሊትሩ ሞተር ጋር የመጣው ተለቅ ያለና ጠንካራ ነው። ተርቦ የገጠመ የ1.6 ባለቤት ዲፈረንሻሉን፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን፣ ከዚያ ራዲያተሩን፣ ከዚያ ፍሬኑን መቀየሩ አይቀርም። ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናዋ ፈጣን ትሆናለች፤ በየሳምንቱ ትራክ ላይ ሳትበላሽ የምትውል ግን መሆኗን እንጃ። ከመግዛት በፊት ሌላም ነገር ይታይ፦ ከ1990 እና ከ1991 የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች አንዳንዶቹ ከፊት በኩል አጭር የሆነ ክራንክ አላቸው፤ የፊተኛው መዘውር የሚጋጠምበት ቦታ እየላላ ሊበላ ይችላል። መዘውሩ ሲዞር የሚንቀጠቀጥ መኪና ይታለፍ። የታይሚንግ ቺንጋውም በ100,000 ኪ.ሜ ገደማ የሚቀየር ነውና ሻጩ መቼ እንደቀየረው በወረቀት ያሳይ።

የትራኩ ቀን

አንድ ቀን ሲቀረው መኪናው ክሪክ ላይ ይወጣል። ጎማው በላይና በታች ተይዞ ይነቀነቃል፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። ባትሪው በደንብ መታሰሩ፣ የፍሬን መብራት መሥራቱ፣ የሚፈስ ነገር አለመኖሩ ይታያል። የጎማ ብሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ ለሚያታ 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከመጀመሪያው ተራ በኋላም ቸርኬው በርዶ እንደገና ይታያል። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብሎን ይላላልና ይህን መዝለል አይገባም።

የእያንዳንዱ ተራ የመጨረሻ ዙር ሁልጊዜ ፍሬን ሳይነካ፣ በዝግታ ይነዳል። ሲቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ የጋለው ሸራ የጋለው ዲስክ ላይ ተጭኖ ይቆያልና። መኪናው በማርሽ ይቆማል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ሽብልቅ ይደረጋል።

ሕጉና ኢንሹራንሱ

አሜሪካ ውስጥ የጭስ ማጣሪያውን ማውጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በሰሜን ቨርጂኒያና በዲሲ ደግሞ የጭስ ምርመራ አለ፣ ካሊፎርኒያ ከሁሉም ትጠብቃለች። ጀርመን ውስጥ ማሻሻያው በባለሙያ ተመርምሮ በመኪናው ወረቀት ላይ ካልገባ መኪናው በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ያለ ፈቃድ ሞተሩን ወይም ሻሲውን የለወጠ መኪና ይይዛሉ። ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቀን የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፤ መኪናውን ማጣት የማይችል ሰው ይግዛው።

ሚያታም ሆነ ሌላ መኪና ገዝተው ይህን ለመጀመር የሚያስቡ ካሉ፣ የምመክረው አንድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ሆና ይውጡ፤ ሚያታ ከሆነች ቅስቱን ብቻ ጨምረው። የፍሬን ዘይቷን አስቀይረው፣ ሸራዋንና ጎማዋን አሳይተው፣ አስተማሪ ጠይቀው ይሂዱ። ምን እንደሚጎድላት መኪናዋ ራሷ በዚያ ቀን ትናገራለች፤ ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። በፍጥነት መንዳት የሚወዱ ወጣቶች ዘንድ ይህን ቢያደርሱልኝም ደስ ይለኛል። በሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ መሽቀዳደም ከራስ አልፎ የሌላውን ሕይወት ይቀጥፋል፤ ትራኩ ግን ክፍት ነው፣ አምቡላንስ በር ላይ ቆሟል፣ ማንም እግረኛ አያቋርጥም።